እንጨት አንኳኳዋ

እህቴን በሥራ ቦታ «ዶክተር» ይሏታል። ትምህርቷን ያቋረጠችው አንደኛ ክፍል ላይ ነው፤ ስሙ የወጣላት እንጨት ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስታዳምጥ ስላዩዋት ነው። ትንሽ መዶሻ ይዛ እንጨቱን ታች ትመታዋለች፣ መሐል ትመታዋለች፣ ላይ ትመታዋለች። ከዚያ ወይ «ይለፍ» ትላለች፣ ወይ «ሆዱ ባዶ ነው» ትላለች፣ ወይ ደግሞ «ብረት ውጧል፣ ወደዚያ አድርጉት» ትላለች። ስትሳሳት አላየሁም። ይህን የምለው እህቴ ስለሆነች አይደለም። እኔ ታናሿ ነኝ፣ አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ ሳንነታረክ ያለፈ ሳምንት መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

የምንሠራበት ግቢ ድሮ የጡብ ማምረቻ ነበር። አሁን ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄድ የነበረው የከተማው እንጨት ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል፤ የተሰበረ አልጋ፣ ሲሚንቶ የጠጣ የግንባታ ጣውላ፣ ከማጠፊያው የተነቀለ በር፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር። በፊት ይኼ ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ተቀብሮ ሲበሰብስ ነበር የሚኖረው። እኛ እንለየዋለን። ንጹሑ ይፈጭና ታምቆ ለዳቦ ቤቶች ማገዶ ይሆናል። ቀለም ወይም ሬንጅ የነካው ግን ጭሱ መርዝ ነው፣ ዳቦ አይጋገርበትም፤ ለብቻው ተፈጭቶ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ ይላካል። የዚያ እሳት የማይበላው ነገር የለም ይላሉ።

እኔ መፍጫው ማሽን ላይ ነኝ። አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫን እንጨቱን የሚያመላልሰው ቀበቶ ይነሳል፣ ቀዩን ስጫን ይቆማል። እንጨት ውስጥ የተደበቀች አንዲት ብሎን ከገባች ምላጮቹን ታነካክትና ግቢው ሁለት ቀን ሥራ ይፈታል። ስለዚህ እኔ ጋ የሚደርስ ወፍራም እንጨት ሁሉ መጀመሪያ በእህቴ መዶሻ ሥር ያልፋል።

ማንኳኳቱን ያስተማራት ባሏ ነው። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ግራኝ። የመስመር ሠራተኞች ፖል ላይ ከመውጣታቸው በፊት በመዶሻ ሦስት ቦታ ይመቱታል፤ ጉልበት ትይዩ፣ ወገብ ትይዩ፣ ከራስ በላይ። ድምፁ ሙሉ ከሆነ ይወጣሉ። ካልሆነ ደረት ትይዩ በመጥረቢያ ትልቅ ኤክስ ይቆርጡበታል። ኤክስ የተቆረጠበት ፖል ላይ እስኪቀየር ድረስ ማንም አይወጣም። ሕጋቸው ይኼው ነው፣ ሌላ ሕግ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

እህቴ ስታገባው ያስገባችው ቃልም አንድ ብቻ ነው፤ ሳያንኳኳ እንዳይወጣ። ጠዋት ስትሸኘው «ደህና ዋል» አትለውም፣ «አንኳኳ» ነው የምትለው። እሱም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲመለስ የቤታችንን በር እንደ ፖል ያንኳኳዋል። ታች፣ መሐል፣ ላይ። «ጤነኛ ነው። ልግባ?» ይላል ከውጭ። እየሳቀች ትከፍትለታለች። እኔ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እነሱ ጋ ሆኜ እማር ነበር፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቀልድ እንዴት እንደሚያስቃቸው አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ የልብስ ማስጫው ገመድ የታሰረበትን የጓሮ ምሰሶ አንኳኳና ፊቱን አጨማደደ። መጥረቢያ አምጥቶ ኤክስ ቆረጠበት። «እስክቀይረው እርጥብ ብርድ ልብስ እንዳታሰጪበት፣ በላይሽ ላይ ነው የሚወድቀው» አላት። ግራኝ ስለሆነ ጥልቁ መስመር ከግራ ትከሻው ተነስቶ ወደ ቀኝ ነው የሚወርደው፤ የሌሎቹ የሚወርደው በተቃራኒው ነው። ምሰሶውን ሳይቀይረው ሞተ። እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል፤ ዘመም አለ እንጂ አልወደቀም።

ፖል ከሥሩ ተሰብሮበት ነው የሞተው። በሳምንቱ የሥራ አለቃቸው ፎርማኑ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ለእህቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ሠራተኛው በፖል ቁጥር 417 ላይ አስፈላጊውን ፍተሻ ሳያደርጉ በመውጣታቸው በራሳቸው ጥፋት» ይላል። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ድገሚው» አለችኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው። እስከዚያ ድረስ ስታለቅስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ሐዘኗ እዚያው ቁጭ ብሎ ቁጣ ሆነ። ሰው ሞቶባት ሳይሆን ሰው ከድቷት የቀረች ሴት ሆነች።

ከወር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድስት እያጠበች ቀና አለች።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«በሩን።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ እጇን ሳታደርቅ ሄዳ በሩ ሥር ቆመች። አልከፈተችም። «ማንኳኳት ያኔ ነበር!» ብላ ጮኸች። «አሁን ምን ያደርግልኛል? ሂድ!» ተመልሳ ድስቷን ማጠብ ቀጠለች።

በየቀኑ አልነበረም። አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ አንዳንዴ በሳምንት ሦስቴ ይመጣል። ሁልጊዜ በጠራራ ብርሃን፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ሦስት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልከፈተችለትም። እኔ ደሜ እየፈላ «እትዬ፣ ማንም የለም እኮ!» ብዬ አንድ ጊዜ በሩን በርግጄ ከፍቼባታለሁ። መንገዱ ላይ ውሃ ከተሸከመ ሰውዬ በስተቀር ማንም አልነበረም። እሷ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳው ሥር ኩርምት ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደፍሬ አልከፈትኩም። አላምንበትም፣ ግን አልከፈትኩም።

ፎርማኑ አልተወንም። ጡረታ ሲወጣ የእንጨቱን ግቢ እንዲመራ ቀጠሩት፣ እሱም ሁለታችንንም አስገባን። አባባ ነው የምንለው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ጀርባውን ምሰሶው ለሚታይበት የጓሮ መስኮት ሰጥቶ ይቀመጣል። ነፋስ ይፈራል ብዬ ነበር። አንድ እሑድ ጨዋታ ይዞት አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እህቴ ቀና አለች፣ ተነሳች፣ በሩ ሥር ቆማ «ሂድ አልኩህ፣ ቃል አባይ!» ብላ ጮኸች። አባባ የሻይ ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ስቶት ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «ማንን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የዋህ፣ «ሽማግሌውን አስፈራራሽው» ብዬ እህቴን ተቆጣሁ።

ባለፈው ዓመት የመብራት መሥሪያ ቤቱ ፖሎቹን ሁሉ በኮንክሪት ለወጠና የድሮውን የዕቃ ግቢውን አጸዳ። ሬንጅ የጠጣ እንጨት በየሜዳው አይጣል፣ በየቤቱ አይነድ፤ ስለዚህ የተሰበረውም ያረጀውም ፖል እዚያ ተከምሮ ነበር የኖረው። ከሰው ቁመት ትንሽ በሚበልጥ ልክ ቆራርጠው በሦስት መኪና አመጡልን። ለሲሚንቶ ምድጃው ነው።

አባባ መኪናዎቹን ሲያይ ከቢሮው ወጣ። ቀልጠፍ ብሎ መጥቶ ማሽኔ አጠገብ ቆመ።

«እነዚህ አይንኳኩ። ቀጥታ ይግቡ።»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። «ብረት ቢኖርባቸውስ፣ አባባ?»

«ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ዛሬውኑ ይለቁ።»

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ «አይንኳኳ» ያለው እንጨት አልነበረም። ምላጭ በተሰበረ ቁጥር ቡራ ከረዩ የሚል ሰው ነው። ቢሆንም አለቃ ነው፣ አረንጓዴውን ተጫንኩ። አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ። ጥቁር ፍርፋሪው ከወዲያ በኩል ይወርዳል፣ የሬንጁ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። እህቴ ቀበቶው ዳር መዶሻዋን እንደያዘች ቆማለች። እጇ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ቀልድ መታ መታ ታደርገው ጀመር።

ከአሥረኛው በኋላ ይመስለኛል፣ መዶሻዋ አየር ላይ ቀረ።

«አቁሚው!»

«አታቁሚ!» አለ አባባ።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ያየሁት እሱን ነው። ጣቴ ቀዩ ላይ ነበር፣ ዓይኔ ግን አባባ ላይ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እንጨቱ እየሄደ ነው። «እህት ዓለም!» አለችኝ። ይህን ስም ከልጅነቴ በኋላ ጠርታኝ አታውቅም። ተጫንኩት። እንጨቱ ከምላጮቹ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆመ።

እህቴ ቁጥር ታነባለች። ፖሉ ላይ የተቸነከረችው የቁጥር ቆርቆሮ ዝጋለች እንጂ 417 የሚለው ይታያል። ቀስ ብላ እንጨቱን አገላበጠችው። ከሥሩ የተሰበረው ጫፍ እንደ ቆሎ ከረጢት ውስጡ ፍርክስክስ ብሏል። ደረት ትይዩ ኤክስ አለበት። ጥልቁ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል።

ጣቷን መስመሩ ውስጥ ከታ እስከ ታች ወሰደችው። ማነጻጸር አላስፈለጋትም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ስታሰጣ የምታየው ኤክስ ነው። ከዚያ ታች ጎንበስ ብላ የመዶሻ ምት ፈለገች። አገኘች። መሐል ፈለገች። ላይ ፈለገች። ሬንጁ ላይ ተሰርጉደው ቀርተዋል፤ ግን በየቦታው ሁለት ሁለት ናቸው።

«አንኳኩቶ ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«አንኳኩቶ ነበር» አለ አባባ።

«ሁለቴ ለምን?»

አባባ የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ኤክሱን የቆረጠው በዋዜማው ነው። በማግሥቱ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከላይ እየደወሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ። አዲስ ፖል የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ውጣ አልኩት። ኤክስ አለበት እኮ አለኝ፣ እምቢ አለ። እኔም…» ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እኔም በሰው ፊት፣ ሚስት ካገባህ ወዲህ ፈራህ አልኩት። ቀልዴን ነበር። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«መዶሻውን አውጥቶ እንደገና ሦስቴ አንኳኳው። ፖሉ በአንድ ሌሊት ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ ብሎ ነው መሰለኝ።»

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«‹ለእሷ እንዳትነግሩብኝ› አለ። ወጣ።»

እህቴ ሳቀች። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ሳቀች፤ በሩን ስትከፍትለት የምትስቀውን ያንን ሳቅ። ከዚያ ፍርፋሪው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ።

«ደብዳቤውንስ ማን ነው የጻፈው?» አልኩ እኔ።

«እኔ።»

ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። እኔ ስናደድ አፌ ልጓም የለውም፣ የግቢው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሰምቷል። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ግን» አላለም። ያስቆመችኝ እህቴ ናት።

«አባባ» አለችው። «ቤቴ ሻይ ይዘው ተቀምጠው፣ ሂድ ስለው ሰምተውኛል። ሰምተውኝ ዝም አሉ።»

«አደራ አለኝ ብዬ…» አለና አልጨረሰውም። ሰበቡ ለራሱ ጆሮም ሳይቀፍ አልቀረም።

«አሁን እርስዎ ይሂዱ» አለችው።

ሄደ። ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ በበሩ ወጣ። በኋላ እውነተኛውን በእጁ ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ማስገባቱን፣ እነሱም መዝገቡ ተዘግቷል ብለው መመለሳቸውን ሰማሁ። ግቢው ሌላ ኃላፊ ቀጠረ። በወሩ መጀመሪያ እሑድ አንድ ኪሎ ስኳር ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ኤክስ ያለበትን ቁራጭ በመጋዝ አስቆርጬ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት። የቀረውን «ልፍጨው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ፍጪው፣ ብዙ ተጋድሟል» አለችኝ። አረንጓዴውን ስጫን ግን እዚያ አልቆመችም። ቁራጩን ጓሮ ወስዳ የልብስ ምሰሶው ሥር አስደገፈችው። ኤክስና ኤክስ ጎን ለጎን ሆኑ።

አለቀ ብዬ ነበር። እውነቱ ወጣ፣ ቃሉን ግማሹን ጠብቋል፣ ግማሹን አፍርሷል፤ እንደ ማንኛውም ባል ነው። አሁን ትረጋጋለች አልኩ። የማይገባኝ ነገር እንዳለ የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

እሷ ከሥራ አሥር ሰዓት ትወጣለች፣ እኔ ማሽኑን አጽድቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ እከተላለሁ። ስመጣ በሩ ሥር ወንበር አድርጋ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ምግብ አልተሠራም፣ ድስቱ ደርቋል። ጆሮዋ ወደ በሩ ነው።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

አይመጣም። ወር ሞላ፣ ሁለት ወር ሞላ፣ ድርሽ አላለም። በዚህ መሐል ክብደቷ ቀነሰ፣ ቀሚሷ ላይዋ ላይ ሰፋ። ሥራ ላይ «ይለፍ» ያለችው የበር መቃን ውስጥ ብሎን ነበረበትና ሦስት ምላጭ ሰበረብኝ። ማንም አልተናገራትም። መዶሻዋን አይታ፣ አይታ፣ «ጆሮዬ ሄዷል» አለች።

በዚያ ቀን ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወንበሩ ላይ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ኧረ ሰው ሁኚ! አሁን ምን ቀረ? ንጹሕ መሆኑን አወቅሽ።»

«እሱ ማወቄን አያውቅም» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊነግረኝ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሂድ አልኩት። አሁን ልከፍትለት ስል ሰምቶኛል፣ ሄዷል። እኔ ነኝ ያባረርኩት።»

ድስቱን አንስቼ ወጡን ራሴ ጣድኩ።

በነጋታው ማሽኑን በደንብ ሳላጸዳ ወጣሁ። ቤታችን ደጃፍ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። መንገዱ ላይ የጎረቤት ሴትዮ ደጇን ትጠርጋለች። እንዳበደ ሰው እንዳታየኝ ቦርሳዬን አስተካክዬ ዘወር እስክትል ጠበቅኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የበሩን ታች መታሁ። መሐሉን መታሁ። ተንጠራርቼ ላዩን መታሁ።

ከውስጥ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«በቀኝሽ ነው የመታሽው» አለች ከበሩ ጀርባ፣ ቀስ ብላ። «የሱ በግራ ነው።»

አፍሬ ልሄድ ነበር። አልሄድኩም። ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩና በግራ እጄ ደገምኩት። ታች፣ መሐል፣ ላይ። ግራዬ ልምድ የለውም፣ ላዩን ስመታ ጣቴን አመመኝ።

«ጤነኛ ነው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ልግባ?»

መቀርቀሪያው ተነሳ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያች ሰዓት በሩ በእሷ እጅ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ፊቷ በእንባ ርሷል። እኔን አላየችኝም፤ ከትከሻዬ በላይ አሳልፋ ከኋላዬ ያለውን ነበር የምታየው። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

«ግቡ» አለች፣ «ሁለታችሁም።»

ገባሁ። በሩን ግን ወዲያው አልዘጋሁትም።